ጸጉር የሌለው ውሻ ባህር ዳር ላይ፦ ሆዱ ሽፍ ብሎብኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

የሽምብጥ ልጅ | ኅዳር 19፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ። እህቴ ነሐሴ ላይ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ውሻ አለ፣ ቻይኒዝ ክረስትድ ነው የሚባለው፣ ገላው ላይ ጸጉር የሚባል ነገር የለም፣ አናቱ ላይ ጎፈሬ፣ ጅራቱ ላይ ጭራ፣ አራት እግሮቹ ላይ ደግሞ ካልሲ ያደረገ ነው የሚመስለው፣ ሌላው ሁሉ ራቁት ነው። ስሙ ኮኮ ነው፣ የሰፈር ልጆች ግን ጎፈሬው ነው የሚሉት። 4 ዓመቱ ነው፣ 5 ኪሎ አይሞላም። እህቴ "ቤት ልቀይር ነው ለሦስት ወር ብቻ ያዝልኝ" ብላ መስከረም መጨረሻ ላይ ጥላብኝ ሄደች።

አሁን ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው ቀይ ሽፍታ ወጣበት፣ ሌሊት ሲያክ ያድራል እኔም አብሬው አድራለሁ። ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ስነካው ደግሞ እንደ ተጣደ ጀበና ይሞቃል፣ ትኩሳት ይሆን እንዴ? ሌላው ችግር ብቻውን ጥዬው ስወጣ ጎረቤት እስኪማረር ያላዝናል። እማዬ መጀመሪያ ውሻ ቤት አይገባም ብላ በረንዳ ላይ ነበር የሚያድረው፣ ኅዳር ሲገባ ብርዱ አሳዝኗት ልብስ ደርባ ኮሪደር አስገባችው። አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር፣ ተጠራርተው መጥተው ሳቁና ሳያገላብጡት እከክ ነው መርፌ እንውጋው አሉኝ፣ እኔም ይዤው ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ባጃጅ 77 | ማታ 2:58

ፎቶውን ሳየው የተነጨች ዶሮ መሰለችኝ ይቅርታ ሃሃሃሃ። ለማንኛውም እከክ ነው፣ አያቴ ገጠር ውሻዋን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር የምትቀባው፣ በሳምንቱ ጥርት ይል ነበር። ከፈለግህ ከጋራዥ በነጻ አመጣልሃለሁ።

የከብት ሐኪም | ማታ 3:15

ባጃጅ ወንድሜ እባክህ ተው! የሽምብጡ፣ እንዳትሰማው። የተቃጠለ ዘይት ቆዳን ያቃጥላል፣ ከዛ ውሻው ይልሰዋል፣ ወደ ጉበትና ኩላሊት ነው የሚሄደው። ጸጉር ያለው ውሻ እንኳን አይችለውም፣ የዚህ ቆዳ ደግሞ እርቃኑን ነው።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ልንገርህ። የውሻ ሰውነት ከሰው ይሞቃል፣ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ምናምን ጤነኛ ነው፣ ሌላው ውሻ ጋ ጸጉሩ ስለሚከልለው አይታወቅህም፣ እዚህ ግን እጅህ በቀጥታ ቆዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በመዳሰስ ትኩሳት ነው አትበል፣ ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብተህ በቂጡ ለካው። ይበላል? ይጫወታል? ከበላና ከተጫወተ መንቀጥቀጡ ብርድ ነው፣ የባህር ዳር ኅዳር ለሊት ለእኛ ነው ቀላል ለእሱ አይደለም።

አሁን በደንብ መልስልኝ። ሽፍታው የት የት ነው? ጀርባው ላይ አለ? በዚህ ሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ምን ተቀየረ፣ ምግብ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ መኝታ? እከክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ቆዳውን ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ በማየት ነው፣ ከሩቅ አይቶ መርፌ የለም።

ከቤሩት መልስ | ማታ 3:50

ወይኔ ጎፈሬው! ልቤን ነው የነካኸው። እኔ ቤሩት 6 ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ማዳሟ ከዚህ ዘር ሁለት ነበሯት፣ እሷ ፎቶ ታነሳቸዋለች እንጂ ያጠብኳቸው ያበላኋቸው ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳያቸው ጮኼ ወጥቼ ነበር እውነቱን ለመናገር። ለእነሱ የሚገዛው ሎሽን ከእኔ የወር ደሞዝ ሊስተካከል ምንም አይቀረው፣ እሱን አንስቼ አልጨርሰውም ልተወው።

ጠባዩን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ማላዘኑ በሽታ ሊመስልህ ይችላል። ይሄ ዘር አንድ ሰው ይመርጣል፣ ከመረጠህ በቃ ጥላህ ነው፣ ሽንት ቤት ስትገባ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። የእግሩ ጣቶች ረጃጅም አይደሉም? እንደ እጅ አድርጎ አንገትህን ያቅፍሃል፣ የእኔዋ ሴቷ ሳለቅስ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም ትከሻዬ ላይ ነበረች። ለጥበቃ ግን አትመኘው፣ እንግዳ ሲመጣ ሁለቴ ጮሆ ከኋላህ ይደበቃል። ጩኸትና ቁጣ አይችልም፣ ማዳምና ባሏ የተጣሉ ቀን ወንዱ ሶፋ ስር ገብቶ እስከ ማግስቱ እህል አይቀምስም። ስለዚህ ሲያጠፋ እንደ ግቢ ውሻ ጫማ ብትወረውርበት ትሰብረዋለህ፣ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ሲሆን ደግሞ ይናከሳል።

ብቻውን መቅረት የሚማረው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ በሩን ዘግተህ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ግባ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት። ስትወጣ አትሰናበተው፣ ስትመለስም ዘለህ አትቀፈው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁን። አንተን አንተን የሚሸት አሮጌ ቲሸርት ተውለት። የእኔዎቹ ወር ፈጅቶብኛል ግን ተምረዋል።

ሌላ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ታስታውሰኛለህ፣ ዝናብ ከሆነ ለሽንት አይወጣም! በር ላይ ቆሞ አይቶህ ተመልሶ ምንጣፍ ላይ ነው። ይሄ ዘር ሽንት ማስተማር እንደሚያስቸግር እዚያም ሁሉም ነበር የሚያወራው።

አባይ ማዶ | ኅዳር 20፣ ጠዋት 1:10

ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ የውሻ ሎሽን ታወራላችሁ። አይ ዘመን። ውሻ ውጪ ነው ቦታው፣ አጥንት ጣል አድርግለት ይጮሃል፣ አለቀ።

የሽምብጥ ልጅ | ጠዋት 1:45

ጋሼ ልክ ነዎት፣ እኔም ፈልጌ አላመጣሁትም። ግን አንዴ እጄ ላይ ወድቋል፣ ውጪ ባሳድረው ጠዋት ደርቆ ነው የማገኘው። ሎሽኑም እህቴ ትታው የሄደችው ነው።

የከብት ሐኪም፣ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። አሁን ገልብጬ አየሁት፣ ሽፍታው ሆዱ፣ ብብቱ፣ ክርኑ፣ ጉንጩ በአንድ በኩል፣ እና ጎኑ ላይ ነው። ጀርባው ንጹህ ነው፣ ጠቆር ብሏል እንጂ ምንም የለበትም። ሙቀቱ 38.6። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትናንት አጥር ላይ ሊወጣ ሲሞክር ነው ያገኘሁት እንደ ድመት። የተቀየረ ነገር፣ ሳሙናው ያው ነው፣ ሎሽኑ ያው ነው፣ ምግቡ ግን እህቴ ያመጣችው ጥቅምት ላይ ስላለቀ አሁን ሩዝ በሥጋ፣ አንዳንዴ ቀረሶ ዓሣ፣ አንዳንዴ እኛ ከምንበላው እንጀራ በወጥ። መኝታው ከበረንዳ ኮሪደር ገባ፣ ያው እንዳልኩት እማዬ ባና አነጠፈችለት።

የከብት ሐኪም | ጠዋት 2:05

ባና? የበግ ጸጉር ባና?

የሽምብጥ ልጅ | ጠዋት 2:09

አዎ፣ የአያቴ የነበረ። ከባዱ።

የከብት ሐኪም | ጠዋት 2:30

እንግዲህ እሱን ዛሬውኑ አንሳው። ጀርባው ንጹህ ሆኖ የሚተኛበት ጎን፣ ሆድ፣ ክርን፣ አንድ ጉንጭ ሽፍ ያለ ውሻ የነካውን ነገር ነው የምትጠረጥረው፣ ፀሐይ ቢሆን ኖሮ ጀርባው ነበር የሚቀላው። ከዚህ ዘር ብዙዎቹ ሱፍ አይስማማቸውም፣ በተለይ በበግ ጸጉር ላይ ያለው ቅባት፣ ላኖሊን ይባላል። እሱ ነገር የሰው ሎሽን ውስጥም አለ፣ ስለዚህ የእህትህ ሲያልቅ ከሱቅ ስትገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

መቶ በመቶ ነው አልልህም፣ ቁንጫም መዥገርም አለርጂ ያመጣል፣ ግን ባናውን አንስተህ በጥጥ ቀይረው፣ ጋቢ ጥሩ ነው፣ በሙቅ ውሃ በደንብ ታጥቦ የተለቀለቀ። ገላውን ለብ ባለ ውሃ እጠብና አድርቀው። በሳምንት ካልቀነሰ ቆዳውን ፍቆ የሚያይ ቦታ ውሰደው፣ አንተ ፍቃችሁ እዩልኝ በል።

ሁለተኛው ነገር ከባናው የከፋ ነው፦ ወጥ ተው! ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ ቢበስልም ያው ነው፣ በርበሬው ውስጥም አለ። አንድ ቀን ጉርሻ አይገድለው ይሆናል፣ በየቀኑ ከሆነ ግን እየተጠራቀመ ደም ያሳንሰዋል፣ በ5 ኪሎ ውሻ ደግሞ ቶሎ ነው። የእኛ ወጥ ከሽንኩርት ሌላ ምን አለው እስቲ። ሩዝ በሥጋ ጥሩ ነው፣ ቀረሶም ይሁን ግን ቀቅለህ አጥንቱን ለቅመህ። ቸኮሌትና ዘቢብም እንዳታስጠጋ።

ከቤሩት መልስ | ጠዋት 3:00

አጥንት ስትሉ አስታወስከኝ ዶክተር፣ አፉን ክፈትና እይ ጥርስ ይጎድለዋል አይደል? የእኔዎቹ የጎን ጥርሳቸው ግማሹ የለም ነበር፣ ያሉትም ቶሎ ይወልቃሉ። ሥጋውን እንደ ሕፃን ከትፈህ ነው የምትሰጠው። ጥርሱንም በጣት ብሩሽ ፈትግለት።

ገላ መታጠብ በሳምንት አንዴ ይበቃል፣ የሕፃን ሻምፖ ሳይሆን ሽታ የሌለው ለስለስ ያለ። ጸጉር ስለሌለው ቅባቱ ቆዳው ላይ ይቀርና ጥቁር ጥቁር ብጉር ያወጣል ልክ እንደ ጎረምሳ፣ በለስላሳ ጨርቅ እያሸህ እጠበው እንጂ በጥፍርህ አታፍርጠው ይመግላል። ቅቤና የኑግ ዘይት እንቀባው የሚልህ ይመጣል፣ አትስማ፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል ጉንዳንም ይሰበስብበታል። ሎሽኑን እጅህ ላይ ጠብ አድርገህ አሟሸውና ስስ አድርገህ ነው።

ከቨርጂኒያ | ኅዳር 20፣ ሌሊት 7:20

እዚህ እኔ ጋ የጎረቤቴ ነው ያለው፣ ትንሽ አንብቤያለሁ። ጥርሱ የሚጎድለው ራቁትነቱን ያመጣው ጂን ራሱ ስለሆነ ነው፣ ፎክስ አይ 3 ይሉታል፣ በ2008 ነው የታወቀው፣ የሜክሲኮውና የፔሩው ራቁት ውሻ ላይም ያው ጂን ነው ያለው። ጸጉርና ጥርስ በእናት ማህጸን ውስጥ በአንድ መንገድ ስለሚበቅሉ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም ይጎዳል። የሚገርመው ጂኑን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ቡችላ ሳይወለድ ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ ራቁት ክረስትድ ሁሉ ከአንዱ ወገን ብቻ ነው የያዘው። ለዛ ነው ሁለት ራቁቶች ሲወልዱ ከመሀል ጸጉራም የሚወጣው፣ ከሚወለዱት ሦስት አንዱ ጸጉራም ይሆናል በአማካይ፣ ፓውደርፐፍ ይሉታል፣ ሐር የመሰለ ረጅም ጸጉር፣ ያንድ እናት ልጅ ነው ብትባል አታምንም።

ስሙ ቻይና ይባል እንጂ ቻይና መነሻው ስለመሆኑ ማስረጃ የለም፣ መርከበኞች ይዘውት ይዞሩ ነበር ነው የሚባለው። እና አንድ ነገር ስሙኝ፣ ድሮ እንግሊዞች ስለ ውሻ ሲጽፉ የአፍሪካን ራቁት ውሻ "የአቢሲኒያ የአሸዋ ቴሪየር" ይሉት ነበር! ሀገራችን ውስጥ እንደዛ ዓይነት ውሻ ያየ ሰው አለ? እኔ አያቴም አልነገረችኝ። ስሙን ዝም ብለው የለጠፉት ነው የሚመስለኝ።

ሳቃችሁበት እንጂ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዓለም አስቀያሚው ውሻ የሚባል ውድድር አለ፣ ሳም የሚባል የዚህ ዘር ውሻ ከ2003 እስከ 2005 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል።

ባጃጅ 77 | ኅዳር 21፣ ጠዋት 1:00

አቢሲኒያ? በቃ ዘመዳችን ነው በሉኛ። የሽምብጡ ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ የሞተር ዘይቱንም ትቼዋለሁ።

ጣና ዳር | ጠዋት 2:15

አንድ ጥያቄ፣ ልጄ አስም አለበት፣ ጸጉር የሌለው ከሆነ ችግር የለውም ማለት ነው? ውሻ ውሻ እያለ አስቸግሮኛል።

የከብት ሐኪም | ጠዋት 2:40

አይደለም እህቴ። አለርጂውን የሚያመጣው ጸጉሩ ብቻ ሳይሆን ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ብናኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ይሄም ውሻ አለው። አንዳንድ ሰው ላይ ይቀንስ ይሆናል፣ ለአስም ግን ሐኪሙን ሳታማክሪ አትሞክሪው።

ጣና ዳር | ጠዋት 2:52

እሺ አመሰግናለሁ ዶክተር። የሽምብጡ እኔ በዳሩ በኩል አልፋለሁ፣ ውሻህን ሐይቁ ዳር ይዘኸው ስትሄድ አይቼሃለሁ መሰለኝ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ። በዛ ፀሐይ?

የሽምብጥ ልጅ | ጠዋት 3:05

እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓቴ ስለሆነ ነው። ጥሩ አይደለም እንዴ?

የከብት ሐኪም | ጠዋት 3:30

ጥሩ አይደለም! ጀርባው የጠቆረው ለዛ ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትፈጃለች፣ ነጣ ያለ ቆዳ ካለው ደግሞ ይላጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ አድርገው። የግድ ከሆነ ስስ የጥጥ ልብስ አልብሰው። የሰው የፀሐይ ቅባት ከፈለግህ ዚንክ የሌለው መሆኑን አይተህ፣ ስለሚልሰው ይመርዘዋል፣ ለሕፃን ቂጥ የሚቀባው ነጩ ቅባት ውስጥ ያለውም እሱ ነው።

ሐይቁ ውስጥ ደግሞ አታጥበው። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ እሱን ለማጠብ ስትል እግርህን ነክረህ የምትቆመው አንተ ነህ። አንድ ጥቅም ግን አለው፣ ከሣር ሲወጣ መዥገር ቢይዘው ወዲያው ታየዋለህ።

እና የእብድ ውሻ ክትባቱን የእህትህ ወረቀት ላይ እይ፣ ጊዜው እንዳያልፍ። የመንገድ ውሻ ከከበበህ አንሥተህ እቀፈው፣ የዚህ ቆዳ በአንድ ንክሻ ነው የሚተረተረው። አንተን ከነከሰህ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሳሙናና በውሃ እጠበውና ያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው፣ "ቆይ እስቲ ውሻው ያብድ እንደሆነ ልየው" አይባልም።

የሽምብጥ ልጅ | ታኅሣሥ 2፣ ማታ 1:30

አፕዴት። እናንተ ሰዎች፣ ባናው ነው! ባናውን ባነሳሁ በአራተኛው ቀን ማከኩን ቀነሰ፣ አሁን ሆዱ ላይ የቀረ አሻራ እንጂ ምንም የለም። ለማረጋገጥ ብዬ ሳይሆን በስህተት እማዬ ትናንት አጥባ ያሰጣችው ባና ላይ ሄዶ ተጋደመና ማታውኑ ክርኑ ቀላ። እንግዲህ ምን ማስረጃ አለ ከዚህ በላይ።

ልብስም አሰፋሁለት። ሰፊው ጋ አሮጌ የጥጥ ሹራቤን ይዤ ሄድኩና ልኩን ሳሳየው "ሕፃኑ አራት እግር ነው እንዴ ያለው?" አለኝ፣ ገበያው በሙሉ ተሰበሰበ። ግን ጥሩ ሰፋው፣ እጅጌው ላይ ላስቲክ ሁሉ አድርጎለታል።

ብቻውን መቅረቱን እስከ 40 ደቂቃ አድርሻለሁ፣ ከቤሩት መልስ እህቴ ተባረኪ። ቲሸርቴን ግን በልቶታል።

አንድ የምነግራችሁ ነገር አለ። እማዬ ወጥ ስለከለከልኩት ተቀይማኝ ነበር፣ "ሳይጎርስ እንዴት ይበላል ሰው ፊት" ብላ። ከዚያ ባለፈው እሑድ ቡና ስታፈላ ስገባ ጉልበቷ ላይ ነጠላዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጎፈሬው ብቻ ነው የሚታየው። ውሻ ቤት አይገባም ያልሽው ወዴት ሄደ ስላት "ዝም በል፣ ለጉልበቴ ነው፣ ይሞቃል" አለችኝ። ቁርጥማት አለባት ሌሊት ሌሊት ያማታል። አሁን የሙቅ ውሃ ጎማውን ትታው እሱን ነው የምትጠራው፣ እሱም ሄዶ ይተኛላታል፣ የመረጠው እኔን ነው ብዬ ነበር ተሳስቼ።

ከቨርጂኒያ | ታኅሣሥ 3፣ ሌሊት 8:00

እናትህን እንዳትስቅባቸው። ሜክሲኮ ውስጥ ሾሎ የሚባለውን ራቁት ውሻ ገጠር ያሉ ሰዎች ለቁርጥማት ብለው አብረው ያስተኙታል፣ ከጥንት ጀምሮ። የሚያድን ሆኖ አይደለም፣ ያው ሙቀት ነው። እማዬ ማንም ሳይነግራቸው ነው የደረሱበት።

አባይ ማዶ | ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 1:20

እኔም ጉልበቴን ያመኛል።

ባጃጅ 77 | ጠዋት 1:25

ጋሼ!!! ሃሃሃሃ

ከቤሩት መልስ | ጠዋት 2:10

እህትህ መልስልኝ ብትልስ?

የሽምብጥ ልጅ | ጠዋት 2:30

ትናንት ደውላ ነበር፣ "ቤቱን አገኘሁ፣ ጥር ላይ የሚሄድ ሰው ስላለ ይዞት ይምጣ" አለች። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። እማዬ ብርዱ ከባድ ነው አሁን አይሄድም አለቻት። እህቴ "እማ አሜሪካ ቤት ውስጥ እኮ ማሞቂያ አለ" ስትላት "እዚህም አለን" ብላ ዘጋችው።

ባጃጅ 77 | ጠዋት 2:41

እሺ ቁም ነገሩን ንገረን፣ ቡችላ ሲያስወልድ ስንት ትሸጥልኛለህ? ለጋሽ አባይ ማዶም አንድ ያዝለት።

የሽምብጥ ልጅ | ጠዋት 2:44

የተኮላሸ ነው።